ሮም፣ በአንድ ከሰዓት ሁለት ሽምግልና

ወደ ሮም ጉዟችን ከመግባቴ በፊት የማንን ጽሑፍ እንደምታነቡ ልንገራችሁ። ትምህርት ቤት የቆየሁት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ራሴን ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ቧንቧ መዘርጋትን፣ ፓምፕ ፈትቶ መግጠምን፣ የውሃ ግፊት ማወቅን ማንም አላሳየኝም። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ አራተኛ ፎቅ አልደርስ ያላቸው የሕንፃ ባለቤቶች፣ ባለዲግሪዎቹ ተመላልሰው ከሄዱ በኋላ የሚጠሩት እኔን ነበር። ጆሮዬን ቧንቧው ላይ ለጥፌ አዳምጥና «እዚህ ጋ ነው» እላለሁ። አብዛኛውን ጊዜም እዚያው ጋ ነበር። ዛሬ በሰባ አንድ ዓመቴ ያለ መነጽር ጋዜጣ አነባለሁ። ያለ ወረቀት አንድ ሰዓት ንግግር አደርጋለሁ። ሽማግሌ ሆኜ የቆምኩላቸው ትዳሮች ከሁለቱ በቀር ሁሉም እንደጸኑ ናቸው። ሁለቱ የፈረሱትም በእኔ ጥፋት አይደለም።

ጣሊያንኛም አውቃለሁ። የተማርኩት ከመሣሪያ ሳጥኔ ነው። ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ቺንጊያ፣ ላሜራ የምንለው ሁሉ ከጣሊያን የመጣ ስለሆነ፣ ዕድሜውን ሙሉ እነዚህን ሲጠራ የኖረ ሰው የቋንቋውን ግማሽ ይዟል ማለት ነው። የቀረውን ግማሽ በእጄ እያሳየሁ እሞላዋለሁ።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ አራት ጓደኛሞች ሆነን ሮም ሄድን። አራታችንም የአንድ ሰፈር ልጆች ነን። ከእኔ ሌላ አንድ ጡረታ የወጣ መምህር፣ አንድ ጡረታ የወጣ ፋርማሲስትና አንድ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። ለጠየቀን ሁሉ ለጉብኝት እንደምንሄድ ተናገርን። ውሸት አልነበረም፤ ዋናው ጉዳይ ግን የመምህሩ ነበር።

መምህሩ ሚስቱ ከሞተችበት ስድስት ዓመት ሆኖታል። በወጣትነቱ አብራው የተማረች፣ አዲስ አበባ ያደገች ኤርትራዊት ሴት ሮም ውስጥ አለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ሽማግሌና አሮጊት ስትንከባከብ የኖረች ናት። እሷም ባሏ ሞቶባታል። ሁለቱ ሁለት ዓመት በስልክ ሲያወሩ ከቆዩ በኋላ መምህሩ ደፍሮ እንጋባ አላት። እሷ እሺም እምቢም አላለችም። አብሯት የሚኖር፣ ሰማንያ ሊሞላው የተቃረበ ታላቅ ወንድም አላት፤ ሥራዋን፣ ፔርሜሶ የሚሉትን የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ቤቱን ሁሉ ድሮ የጨረሰላት እሱ ነው። እሱ ሳይመርቃት ከቤቱ እንደማትወጣ፣ እሱም በስልክ የሚመጣ ጥያቄ እንደማይሰማ፣ በወጉ ሦስት ሽማግሌ መላክ እንዳለበት ለመምህሩ ነገረችው። ወንድምየውም ቀን ቆረጠ፦ ቅዳሜ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ አሥር ሰዓት። አውሮፕላናችን የሚነሳው ሰኞ ጠዋት ነው። ስለዚህ መምህሩ የነበረው ዕድል አንድ ነው፤ እሱም ቅዳሜ አሥር ሰዓት።

ሰብሳቢው እኔ እንደምሆን ማንም አልተጠራጠረም። እኔም አልተጠራጠርኩም።

ቅዳሜ ጠዋት መምህሩ ኤስኲሊኖ ሰፈር ካለችው ፔንሲዮናችን ንቅንቅ እንዳንል ለመነን። እስከ አሥር ሰዓት አልጋችን ላይ ቁጭ ብለን እንድንጠብቅ ነበር የፈለገው። እኔ ግን ሮም ድረስ መጥቼ የፔንሲዮን ግድግዳ ሳይ እንደማልውል ነገርኩት። መሐል ላይ ለልብስ እንዳንመለስ ሦስታችንም ከጠዋቱ ሙሉ ልብሳችንን ከነክራባቱ ለበስን። ሐምሌ ሮም ውስጥ ምን እንደሚመስል ያላየ ሰው ይህን ቀላል ነገር አድርጎ እንዳያነበው።

መጀመሪያ ኮሎሲየም ሄድን። ድንጋዩ ያለ ሲሚንቶ እንዴት ተደግፎ እንደቆመ ለጓደኞቼ አስረዳኋቸው። ከአጠገባችን የነበሩ ጎብኚዎችም ቋንቋውን ባይሰሙ እጄን እየተከተሉ ያዳምጡኝ ነበር። ሾፌሩ ዙሪያውን ዞሮ አይቶ ሲያበቃ፣ ያን ያህል ሕዝብ ያመጣው አውቶቡስ የት ይቆም እንደነበር ጠየቀኝ። ይህን ማንም ጠይቆ አያውቅም መሰለኝ። ፋርማሲስቱ ኪሎው መቶን ያለፈ ሰው ስለሆነ ከታሪኩ ይልቅ ጥላውን ነበር የሚፈልገው።

ከዚያ ሰው ሳንቲም እየወረወረ ወደሚሳልበት ትልቁ ምንጭ ሄድን። ዓለም ሁሉ ሐውልቱን ፎቶ ያነሳል፤ እኔ ግፊቱን አየሁ። ጆሮዬን እብነ በረዱ ላይ ለጥፌ ማዳመጥ ስጀምር አንዲት ዘበኛ ፊሽካ ነፋችብኝ። የሰማሁት ግን በቅቶኛል፤ ውሃው ከከፍታ የሚወርድ ውሃ ነው። መምህሩ ጀርባውን ለምንጩ ሰጥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እየተሳለ ሳንቲም በትከሻው ላይ ወረወረ። ሳንቲሙ ውሃው አልደረሰም። ጠርዙ ላይ ተቀምጦ ጄላቶ የሚሉትን አይስክሬም ሲበላ የነበረው ፋርማሲስት ኩባያ ውስጥ ገባ። ስለቱ ደርሷል አልደረሰም ብለን ተከራከርን። ፋርማሲስቱ ጄላቶው ስለሚበርድ እንደ ውሃ ይቆጠራል ብሎ ፈረደ።

በሮም መንገዶች ላይ ቀንና ሌሊት ውሃ የሚያፈስሱ ትንንሽ የብረት ቧንቧዎች አሉ። አፍንጫቸው ወደ ታች የታጠፈ ነው። አንዱን ስመረምር ከአፍንጫው ላይ ትንሽ ቀዳዳ አገኘሁ። ወዲያው ገባኝ፤ የታችኛውን አፍ በጣት ብትደፍነው ውሃው በላይኛው ቀዳዳ ወደ ላይ ይተኮሳል፣ ሰው ሳይጎነበስ ይጠጣል። ማንም ሳይነግረኝ የደረስኩበት ነገር ስለነበር ለጓደኞቼ ማሳየት ነበረብኝ። ደፈንኩት። ውሃውም እንዳልኩት ተተኮሰ። ችግሩ ሾፌሩ ፊት ለፊት መቆሙ ነው። ከክራባቱ እስከ ጉልበቱ ራሰ፤ ሱሪው የራሰበት ቦታ ደግሞ ለሽማግሌ የሚሆን ቦታ አልነበረም።

መምህሩ ራሱን ያዘ። ወንድሟ ይህን ሲያይ ምን ይላል እያለ በመንገዱ ላይ ይመላለስ ጀመር። እኔ ደግሞ ፀሐይዋ ለምን ወጣች ብዬ፣ ሾፌሩን ጥላ የሌለበት አደባባይ ላይ አቁሜ በየአምስት ደቂቃው እንደ ዳቦ አገላበጥኩት። በሩብ ሰዓት ደረቀ። ሾፌሩ ግን እስከ ምሳ ድረስ አላናገረኝም።

ወንድምና እህቱ የሚኖሩት ቶር ፒኛታራ የሚባል ሰፈር ነው። ወደዚያ ለመሄድ ትራም ጠበቅን። ትራሙ ሲቆም ሾፌሩ «አንተ ቅደም» አለኝ። እኔ ፋርማሲስቱን ቅደም አልኩት። ፋርማሲስቱ ሙሽራው ይቅደም አለ። ሙሽራው ከሽማግሌዎቹ በፊት እንዴት ብዬ አለ። በሩ ተዘግቶ ትራሙ ሄደ። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። ሦስተኛው ሲመጣ አንዲት ጣሊያናዊት አሮጊት ከኋላችን ሆና አራታችንንም በዘንቢሏ ገፍታ አስገባችን።

ሕንፃው በር ላይ ስንደርስ ለአሥር ሰዓት አምስት ጉዳይ ነበር። መምህሩ አድራሻውን የጻፈበትን ወረቀት ሰጠኝና ሙሽራ እዚያ አካባቢ መታየት ስለሌለበት ማዶ ካለው ባር ገባ። እኔም ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ሽማግሌ ወረቀት እያነበበ በር አያንኳኳም። በዚያ ላይ ሽማግሌ በቆመበት ስልክ እንዳይጮህ ብዬ ሦስታችንም ስልካችንን እንድናጠፋ አዘዝኩ።

ግቢው ውስጥ ሁለት የደረጃ በሮች አሉ፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። ጓደኞቼ ቆመው እኔን አዩ። ከግራው በር የቁሌት ሽታ ይመጣ ነበር። ሽንኩርቱ በበርበሬ በደንብ ተቁላልቷል። ሽታው እያለ ወረቀት ምን ያደርጋል? በግራው ገባን። ሊፍቱ ተበላሽቷል፤ ሦስት ፎቅ በእግራችን ወጣን። በሁለተኛው ፎቅ ላይ ፋርማሲስቱ ስለ ልብ ሥራ አንድ ነገር ሊነግረን ጀምሮ ትንፋሽ አጠረው። ሽታውን ተከትዬ ዘጠኝ ቁጥር የተጻፈበት በር ላይ ደረስኩ። የቤቱ ቁጥር፣ እነሱ ኢንተርኖ የሚሉት፣ ዘጠኝ መሆኑን በቃሌ ይዤው ነበር። አንኳኳሁ።

የከፈተልን ፀጉሩ ነጭ የሆነ ሽማግሌ ነው። በከናቴራ ነበር። ቀን ቆርጦ ሽማግሌ የጠራ ሰው በከናቴራ መጠበቁ ደስ አላለኝም፤ ግን ሙቀቱን አሰብኩና ይቅር አልኩት። ሦስታችንን ከነክራባታችን ሲያይ ደነገጠ። በአማርኛ ሰላምታ ስንሰጠው ግን ፊቱ ፈካ፤ ግቡ ግቡ አለን። አባቱ ጣሊያን፣ እናቱ የአዲስ አበባ ሴት መሆኗን ያወቅነው በኋላ ነው።

እንድንቀመጥ ወንበር ሳበልን። በወጉ መሠረት አንቀመጥም አልን፤ የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ ሽማግሌ አይቀመጥም። ቆመን ስለ ጤና ጠየቅነው፣ ጠየቀን። የአዲስ አበባን ክረምት ነገርነው፣ የሮምን ሙቀት ነገረን። ጉዳይ ወዲያው አይነሳም፤ የቤቱም ባለቤት ሽማግሌዎችን ለምን መጣችሁ ብሎ አይጠይቅም። ሁለታችንም ወግ አዋቂዎች ስለነበርን እንዲህ ስንባባል ሃያ ደቂቃ አለፈ። ከዚያ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ታላቅ ወንድም እንደ አባት ስለሚቆጠር አጠራሩ የታወቀ ነው፦

«የመጣነው ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ለመለመን ነው።»

ሰውየው ከናቴራውን ወደ ታች ጎተት አደረገ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ይህን ቀን ሲጠብቅ መኖሩን፣ በዚህ አገር ወግ የሚያውቅ ሰው ጠፍቷል ብሎ ተስፋ መቁረጡን ነገረን። እኔም ይህ ወንድም እንደሚባለው አስቸጋሪ አይደለም ብዬ ወደ ጓደኞቼ ዞሬ ጠቀስኳቸው።

«አሎራ፣ እንግዲህ ሥራው ምንድን ነው?» አለ።

«መምህር ነው» አልኩ።

«ጥሩ ነው። የት ያስተምራል?»

«አሁን ጡረታ ላይ ነው።»

ሰውየው ወደ እኔ ጠጋ አለ። «በስንት ዓመቱ?»

«ስልሳ ዘጠኝ ሞልቶታል» አልኩት።

ለእኛ የሳበው ወንበር ላይ እሱ ተቀመጠ። እኔ ዋጋ ሊያስወድድ መሰለኝ። ስለዚህ ልጃችን ሲያዩት ሃምሳ እንደማይሞላው ተናገርኩ። ሾፌሩ ጥርሱ ሁሉ የራሱ መሆኑን ጨመረ። ፋርማሲስቱ ስኳር እንደሌለበትና የደም ግፊቱን በየሳምንቱ የሚለካው እሱ ራሱ መሆኑን መሰከረ።

«ልጄ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው» አለ ሰውየው ቀስ ብሎ።

ሦስታችን ተያየን። መምህሩ አብራው ተምራለች ብሎናል። ሾፌሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ይህ ሰው ቁጥር ላይ ደካማ ነው አለኝ። እንዲህ ተፋጠን ሳለን ከኩሽና አንዲት ወጣት ሴት የወጥ ማማሰያ ይዛ ወጣች፤ አባቷን እነዚህ እነማን ናቸው ብላ በጣሊያንኛ ጠየቀችው። አንቺን ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች ናቸው አላት። ሙሽራው ማነው አለች። እሱም በታማኝነት ነገራት፤ መምህር፣ ጡረተኛ፣ ስልሳ ዘጠኝ፣ ስኳር የሌለበት።

እየሳቀች ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። በኋላ ግን ተነስታ ዓይኗን ጠረገችና በአክብሮት ወደ እኔ ዞረች። «አባባ፣ አድራሻ የጻፉበት ነገር ይዘዋል?»

ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁ። አነበበችውና ጣቷን አንድ ቃል ላይ አሳረፈች። «ስካላ ቢ ይላል፤ ደረጃ ቢ ማለት ነው። ይህ ስካላ ኤ ነው። ቢ ከግቢው በቀኝ በኩል ነው። እዚያ ኢንተርኖ ዘጠኝ ያሉት ወንድምና እህት ናቸው። ትልቁ ወንድም ሙሉ ልብስ ለብሰው ከአሥር ሰዓት በፊት ጀምሮ በመስኮት ሲያዩ ነበር።»

ሰዓቴን አየሁ። ለአሥራ አንድ ሃያ ጉዳይ ሆኗል። ስልኬን ስከፍት መምህሩ አሥራ አንድ ጊዜ ደውሏል።

ቸኩለን ልንወጣ ስንል የቤቱ ባለቤት ቆዩ አለ። ገብቶ ሸሚዝና ኮት ደርቦ ወጣ። ከወንድምየው ጋር ካርታ እንደሚጫወቱ፣ ጠባዩ ከባድ መሆኑን፣ እሱ ከሌለ እንደማያስገባን ነገረን። እኔ ያለ እሱም ይሆንልኝ ነበር፤ ግን ደስ ይበለው ብዬ ፈቀድኩለት። አራት ሆነን ወርደን ግቢውን አቋርጠን የስካላ ቢን ደረጃ ጀመርን። የዚያኛውም ሊፍት ተበላሽቷል። ፋርማሲስቱ አሁን ስለ ልብ ምንም አልተናገረም።

ወንድምየው በሩን ከፍቶ ደፉ ላይ ቆሞ ነበር፤ ግራጫ ሙሉ ልብስ፣ ክራባት፣ ከዘራ።

«አሥር ሰዓት ነበር ያልኩት» አለ።

መንገድ ላይ አንድ ጉዳይ ገጥሞን መዘግየታችንን በጨዋ ቋንቋ ማስረዳት ጀመርኩ። ንግግሩ ጥሩ እየሄደ ነበር። ባለ ከናቴራው ሰው ግን ሊያግዘኝ ፈልጎ ጣልቃ ገባ፦

«ከእኔ ቤት ነበሩ። የእኔን ልጅ እየጠየቁ ነበር። በጣም ወግ አዋቂ ሰዎች ናቸው።»

ወንድምየው ከዘራውን ወለሉ ላይ አንድ ጊዜ መታ። «ለእህቴ የመጣ ሽማግሌ በመንገዱ የሌላ ሰው ልጅ ጠይቆ ነው የሚመጣው?»

  ወንድምየው ለዛሬ እንድንሄድ፣ ነገሩን ካሰበበት በኋላ ለሚቀጥለው ቅዳሜ እንድንመለስ ነገረን። ሰኞ እንደምንበርር ብነግረውም ያ የእሱ ጉዳይ አይደለም አለ። የመምህሩ ፊት ትዝ አለኝ። ሁለት ዓመት ስልኩን እንደ እንቁላል ተሸክሞ ከክፍል ክፍል ሲዞር አይቼዋለሁ። ስለዚህ እግሬን ደፉ ላይ ተክዬ፣ ቃል ሳንሰማ አንቀመጥም፣ ሳንቀመጥም አንሄድም አልኩ። ስለ መምህሩ አንድ በአንድ መናገር ጀመርኩ። ሚስቱን ታማ ሳለች እንዴት እንዳስታመመ ተናገርኩ። ተማሪዎቹ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኙት ኮፍያቸውን እንደሚያወልቁ ተናገርኩ። ይህኛው ንግግር ከልቤ ስለነበር ትንሽ ተንተባተብኩበት።

በዚህ መካከል ፋርማሲስቱ መወዛወዝ ጀመረ። ስድስት ፎቅ፣ ሙሉ ልብስ፣ የሐምሌ ሙቀት፣ አንድ ሰዓት መቆም። ፊቱ እንደ ኖራ ነጣ። ወንድምየው አይቶ ደነገጠና ከዘራውን ጥሎ ክንዱን ያዘው።

«ሰውየው ሊወድቅ ነው፤ ግባ፣ ተቀመጥ!»

ወንበር ስቦ በእጁ አስቀመጠው። እኔም ሳልውል ሳላድር ሾፌሩን ጎትቼ ገባሁና አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ባለ ከናቴራውም ተከተለን። ወንድምየው እናንተን ማን ተቀመጡ አላችሁ አለ። ሽማግሌ አንድ አካል ነው አልኩት፤ አንዱ በቤቱ ባለቤት እጅ ከተቀመጠ ሁሉም ተቀምጧል፤ ሽማግሌ ያስቀመጠ ቤት ደግሞ መልስ ሳይሰጥ አያስነሳም።

እሷ ያን ጊዜ ውሃ ይዛ ወጣች። ያየኋት የመጀመሪያ ጊዜ ነበር፤ አጭር፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ፋርማሲስቱን በእጇ ውሃ አጠጣችው፣ ክራባቱን ፈታችለት፣ የልቡን ምት ቆጠረች። ከዚያ ቀና ብላ ወንድሟን አየችው።

«ሁለት ዓመት የጠበቅኩትን ሰው በአንድ ግቢ ስፋት ላጣው አልፈልግም» አለችው።

 ወንድምየው ወደ በረንዳው ወጥቶ ወደ ታች አየ። ተከትዬው ወጣሁ። መምህሩ ከባሩ ወጥቶ ግቢው መሐል ቆሟል። አራት ሆነን ከአንዱ ደረጃ ወጥተን ወደ ሌላው ስንሮጥ አይቷል፤ የቱ ደረጃ ተስፋ እንደሆነ ስላላወቀ አንዴ ወደ ኤ፣ አንዴ ወደ ቢ እያየ አንገቱን ያዞራል። ወንድምየው የበረንዳውን ብረት ይዞ ተመለከተው።

«መምህር» አለ በመጨረሻ፣ «በቢ በኩል ውጣ።»

የምርቃቱ ቃል ይህ ነበር። መምህሩ ሦስቱን ፎቅ የወጣበትን ፍጥነት ያየ ሰው፣ ሃምሳ አይሞላውም ያልኩትን ውሸት አይለውም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ድግስ ነው። የባለ ከናቴራው ልጅ የሠራችውን ወጥ ከነድስቱ ግቢውን አቋርጣ አመጣችው። ወንድምየው ለእንግዳ የደበቀውን ወይን አወጣ። ሾፌሩ ሙሉ በሙሉ ታረቀኝና ሲጨፍር የሱሪው ቁልፍ ተበጠሰ። ከታች ያለው ጣሊያናዊ ጎረቤት በእግራችን ድምፅ ተማርሮ ወጣና ሲመሽ እሱም አጨበጨበ። እሑድ ከእሷና ከወንድሟ ጋር ስድስት ሆነን ከተማዋን ዞርን፤ መምህሩና እሷ ከኋላችን ስለሚቀሩ በየማዕዘኑ ቆመን እንጠብቃቸው ነበር።

ስለዚህ በሦስት ቀን ውስጥ ያከናወንኩትን ለመዝገብ ያህል እዚህ አስቀምጣለሁ፦

በአንድ ከሰዓት፣ በአንድ ግቢ ውስጥ፣ ሁለት ሙሽራ ጠየቅኩ፤ አንዷን አገኘሁ።

በሰባ አንድ ዓመቴ ስድስት ፎቅ በእግሬ ወጣሁ፣ ሰው ሳይደግፈኝ።

የሮምን ምንጭ ግፊት በጆሮዬ አወቅሁ። ሾፌር አጠብኩ፣ አደረቅሁም።

እሑድ ጠዋት በወንድምየው ኩሽና ስትንጠባጠብ የኖረችውን ቧንቧ አበጀሁ። ካቻቪቴ ስለው ካቻቪቴ አመጣልኝ፤ ጣሊያንኛዬ ላይ ጥርጣሬ ያለው ሰው ይህን ያስብበት።

የስካላ ኤዋ ልጅ፣ የምትፈልገውን ሰው ያገኘች ቀን ሽማግሌ የምትልከው እኔን እንደሆነ ቃል ገባችልኝ። አድራሻውን ግን ራሷ እንደምታነብልኝ ነግራኛለች።

ሰኞ ጠዋት አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የመምህሩን እጅ ከእጇ አላቀቅሁ። ከሁሉም የከበደኝ ሥራ ይህ ነበር፤ ሁለት ሰው አግዞኝ ነው የቻልኩት።